ሃይድሮጂን የሚጠጣ ብረትና የግንቦት ሙቀት

ባለፈው ግንቦት፣ ማታ መብራት ይጠፋል ብዬ ስለ ሰጋሁ፣ ለእጅ ባትሪዬ የምጠቀምባቸውን እንደገና የሚሞሉ ድንጋዮች ከቀትር በኋላ ቻርጅ ላይ ሰካኋቸው። በድሬዳዋ የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ እንኳ ሰውን የማያድንበት ሰዓት ነበር። ቆይቼ ስነካቸው ይፋጃሉ፤ ማታ ግን ብዙም ሳያበሩ ደከሙ። የማስተምረው የጎረቤቴ ልጅ «አቦ ቲቸር፣ ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ አልነበር እንዴ?» አለኝ። ያኔ የሰጠሁት መልስ አጭር ስለ ነበር እዚህ ላስፋፋው።

ድንጋዮቹ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባሉት፣ 1.2 ቮልት የሚሰጡ ናቸው። ሜታል ሃይድራይድ ማለት ሃይድሮጂን ያስገባ ብረት ነው፤ እዚህ ላይ ግን ብረቱ አንድ ንጥረ ነገር ሳይሆን ብረቶች እርስ በርስ የተዋሐዱበት ውሁድ ነው። መነሻው አንድ አተም ላንታነም (ለስላሳ ብርማ ብረት) ከአምስት አተም ኒኬል ጋር ነው። ላንታነም ብቻውን ሃይድሮጂን ካገኘ አጥብቆ ስለሚይዘው ለማስለቀቅ ብዙ መቶ ዲግሪ ሙቀት ይጠይቃል፤ ኒኬል ደግሞ በተለመደው ግፊት አያስገባውም ማለት ይቻላል። በ1 ለ5 ሲዋሐዱ ግን የሁለቱም ያልሆነ አዲስ የአተሞች ድርድር ይፈጠራል፤ ያም በክፍል ሙቀት ሃይድሮጂንን ይቀበላል፣ ይመልሳልም። ይህ ጠባይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መገባደጃ፣ በኔዘርላንድስ በፊሊፕስ ቤተ ሙከራ፣ የሳማሪየምና የኮባልት ማግኔቶች ሲጠኑ ሃይድሮጂን እንደሚጠጡ ከታየ በኋላ ነው።

የሃይድሮጂን ሞለኪውል ከብረቱ ገጽ ሲደርስ ለሁለት አተም ይሰነጠቃል፤ አተሞቹም በብረቶቹ መካከል ባሉት ክፍተቶች ይገባሉ። ሲገቡ ሙቀት ይወጣል፤ ለአንድ ሞል (ሁለት ግራም ያህል) ሃይድሮጂን ወደ 31 ኪሎጁል ገደማ። ለማስወጣት ያንኑ ሙቀት መመለስ ያስፈልጋል። ሲሞላ ለአንድ ላንታነምና ለአምስት ኒኬል ስድስት ያህል የሃይድሮጂን አተም ይይዛል፤ በዚህም በአንድ ሊትር ይዘት ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን በ253 ዲግሪ ከዜሮ በታች ከሚቀዘቅዘው ፈሳሽ ሃይድሮጂን ይበልጣል። ክብደቱ ነው ጉዱ፤ ከመቶ ኪሎ ውስጥ ሃይድሮጂኑ አንድ ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም። የማግኒዚየምና የኒኬል ውሁድ ክብደቱ ይሻላል፣ ነገር ግን ለማስለቀቅ ከ250 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የብረቱ መሰባበር ነው። ሃይድሮጂን ሲገባ ይዘቱ ሩብ ያህል ያብጣል፤ ሲወጣ ይመለሳል። ብረቱ ግን ተሰባሪ ስለሆነ ይህን መዘርጋትና መሰብሰብ አይችልም፤ በመዶሻ ሳይመታ፣ ጥቂት ጊዜ ሞልቶ ባዶ ከሆነ በኋላ አንጸባራቂው ግራጫ ቁራጭ እንደ ጤፍ ዱቄት ይደቃል። ዱቄቱ በድንገት አየር ካገኘ ሊቀጣጠል ይችላል። ብዙ ዙር ከተደጋገመ ደግሞ ውሁዱ ራሱ ይፈርሳል፤ ላንታነሙ ሃይድሮጂኑን ይዞ ይቀራል፣ ኒኬሉም ለብቻው ይለያል። ለዚህም ሲባል በባትሪ ውስጥ ከኒኬሉ ከፊሉ በኮባልት፣ በማንጋኒዝና በአሉሚኒየም ይተካል።

በድንጋዩ ውስጥ ከውጭ የሚሞላ ጋዝ የለም። ቻርጅ ሲደረግ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ብጥብጥ ውስጥ ያለው ውሃ በብረቱ ገጽ ላይ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ሃይድሮጂኑን ለብረቱ ይሰጣል፤ ስንጠቀምበት ያው ሃይድሮጂን ወጥቶ ወደ ውሃነት ይመለሳል።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። ዋናው ጥፋተኛ ሃይድራይዱ ሳይሆን አዎንታዊው የኒኬል ሃይድሮክሳይድ ወገን ነው፤ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ የምንሰጠው ኤሌክትሪክ ከፊሉ እሱን በመሙላት ፈንታ ኦክስጅን በማውጣት ይባክናል፣ ኦክስጅኑም በሌላው ወገን ሲበላ ተጨማሪ ሙቀት ይፈጥራል። ሃይድራይዱም ከደሙ ንጹሕ አይደለም፦ በንጹሑ ላንታነም ኒኬል ውሁድ የሃይድሮጂኑ መግባትና መውጣት የሚመጣጠንበት ግፊት በ25 ዲግሪ የከባቢ አየር ግፊት ሁለት እጥፍ ያህል ሲሆን፣ በ40 ዲግሪ ወደዚያ እጥፍ ይጠጋል፤ ማለትም ሃይድሮጂኑ ለመውጣት ይቸኩላል።

ከዚያ ወዲህ ድንጋዮቹን የምሰካቸው ሌሊት፣ ሲሚንቶው ወለል ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ መብራት ካለ።