ወፍ የሌለበት ደሴትና የፕላስቲሲን አባጨጓሬ

ተባይን በተፈጥሮ ጠላቱ ስለመቆጣጠር ሲወራ ችግሩ ሠራተኛው አለመታየቱ ነው። ወፏ ትሉን ለቅማ ትሄዳለች፤ እኛ የምናየው ደህና ቅጠል ብቻ ነው። ምን ያህል እንደጠቀመችን ለማወቅ እሷ የሌለችበት ቦታ ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ ቦታ አለ። ጓም የምትባለው የፓስፊክ ደሴት ላይ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አንድ የዛፍ ላይ እባብ ገባ፤ በጭነት ተደብቆ ሳይሆን አይቀርም። ከ12 የአገሩ የጫካ ወፍ ዝርያዎች 10ሩ ከጫካው ጠፉ። አጠገቧ ያሉት ሳይፓን፣ ቲኒያንና ሮታ ግን አሁንም ወፍ አላቸው። ተመራማሪዎች እየዞሩ የሸረሪት ድር ቆጠሩ። በዝናብ ወቅት የጓም ሸረሪት ከጎረቤቶቿ እስከ 40 እጥፍ በልጦ ተገኘ። እንዲህ ያለ ሙከራ ሰው አስቦ ሊሠራው አይችልም፤ ቢችልም ባይሠራው ይሻላል።

ተራራ ለእንዲህ ያለ ጥናት ለምን እንደሚመች ከቆላ ተነስቶ ደጋ የወጣ ሰው አይጠፋውም። በግማሽ ቀን መንገድ ሙቀቱም ነፍሳቱም ይለወጣሉ። ኪሊማንጃሮ ላይ ተመራማሪዎች ወፍና የሌሊት ወፍ እንዳይደርሱበት ቡና በመረብ ከለሉ። በ2014 በወጣው ውጤት፣ ወፎቹ የሚደርሱበት ቡና የያዘው ፍሬ በ9 በመቶ ገደማ በለጠ። ትንሽ ይመስላል። ቡና ሸጦ ለሚያድር ግን የልጆች ደብተር ነው።

የእኔ ተወዳጅ ዘዴ ግን ሌላ ነው። አረንጓዴ ፕላስቲሲን፣ ያ ልጆች የሚጫወቱበት፣ በአባጨጓሬ ቅርጽ ተድቦልቡሎ ቅጠል ላይ ይለጠፋል። የነከሰው ሁሉ ማስረጃ ጥሎ ይሄዳል፤ ወፍ የምንቃሩን ስንጥቅ፣ ጉንዳን ጥንድ ጥንድ ጭረት፣ አይጥ የጥርሷን ፈለግ። ይህንኑ በ31 ቦታዎች የሞከረ ጥናት በ2017 ታትሟል። ወደ ምድር ወገብ ሲጠጉ ንክሻው ይበዛል፤ ከፍታው ሲጨምር ይቀንሳል። ልዩነቱን ያመጡት ደግሞ ወፎች ሳይሆኑ ጉንዳንን የመሰሉ ጥቃቅኖች ናቸው።

እኔም ከጅማ ወጣ ብሎ ባለው የአክስቴ ጓሮ ሞከርኩት። ሳይንስ አይባልም፤ ግን ዋንዛው ሥር ያሉት በጉንዳን ተበሳስተው ስታይ አክስቴ ራሷ መነጽሯን አመጣች። "እውነተኛው አልበቃ ብሎህ ነው?" እያለች ስትስቅብኝ ነበር። መድኃኒት ይረጭ የሚለውን ግን አልተወችም። መርጫው ጉንዳኑንም እንደሚጨርስ ነገርኳት።

ቀጥሎ አንድ ቡና በመረብ ልከልል ብዬ ለመንኳት። አጥሩ ጋ ያለችውን ፈቀደች፣ በአንድ ሁኔታ።

"ፍሬው ካነሰ ከፋይ አንተ ነህ።"