ሲዲ አንድ

ክረምቱ ገባ። ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ አንዴ ከጀመረ ከቤት የሚያስወጣ ነገር የለም። ስለዚህ አልጋ ስር የከረሙትን ካርቶኖች ጎትቼ አወጣሁና የፊልም ዲስኮቼን ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ጀመርኩ። ቪሲዲ አለ፣ ዲቪዲ አለ፣ ምን እንደሆነ ያልተጻፈበትም አለ።

ባለቤቴ አየችኝና «ዩቲዩብ ላይ ሞልቶ የለ እንዴ? ምን ያደክምሃል?» አለችኝ።

ግማሽ እውነት አላት። ብዙ የአማርኛ ፊልም ዩቲዩብ ላይ ይገኛል። ግን ዛሬ ያየኸውን ነገ ስትፈልገው ታጣዋለህ። የጫነው ሰው ያነሳዋል፣ ወይ ቻናሉ ይዘጋል። አንዳንዱ ደግሞ ስልክ ቁጥሩን ተዋናይዋ ግንባር ላይ ለጥፎበት ነው የሚጭነው። እኔ ፊልሙን ገዝቼዋለሁ፣ ዲስኩም እጄ ላይ ነው። ሳይሞትብኝ ላድነው ማለት ምን ነውር አለው?

ደግሞም እየሞቱ ነው። ይህን ያወቅኩት ሥራውን ስጀምር ነው።

መጀመሪያ ዕቃው። የአሁን ላፕቶፕ ሲዲ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ከመርካቶ በዩኤስቢ የሚሠራ፣ ያገለገለ ራይተር ገዛሁ። ሲዲ ሲውጥ እንደ ቡና ወፍጮ ይጮኻል፤ ግን ይሠራል። የመብራት ጉዳይም እንደ ድሮው አያስጨንቅም። ድሮ በዴስክቶፕ ባዶ ሲዲ ላይ ስንጽፍ ዘጠና ምናምን በመቶ ላይ መብራት እልም ይላል። ሲዲውም አበቃለት፤ ከዚያ በኋላ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ወፍ ማባረሪያ ነው የሚሆነው። አሁን ላፕቶፑ ባትሪ አለው። የምገለብጠውም ወደ ሃርድ ዲስክ ስለሆነ ቢቋረጥ እንደገና እጀምራለሁ።

ቪሲዲ፣ ማለትም ፊልም የተጫነበት ሲዲ፣ ቀላል ነው፤ እንዳይገለበጥ የሚከለክል ቁልፍ የሚባል ነገር የለበትም። ስትከፍተው ፎልደሮች ታያለህ፣ አንደኛው ውስጥ «ዳት» የሚል መጨረሻ ያለው ትልቅ ፋይል አለ። ፊልሙ እሱ ነው። ፎርማቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። በኛ አገር ቴሌቪዥን ደረጃ የምስሉ ስፋት 352 በ288 ነጥብ ብቻ ነው። ዛሬ በትልቅ ስክሪን ስታየው የሰው ፊት በጭጋግ ውስጥ ያለ ይመስላል። አንድ ሲዲ የሚይዘው ደግሞ 74፣ ቢበዛ 80 ደቂቃ ነው። ለዚህ ነው ፊልሞቻችን ሁሉ ሲዲ አንድና ሲዲ ሁለት የነበሩት። ልጅቷ ደብዳቤውን ከፍታ ልታነብ ስትል ስክሪኑ ይጠቁራል። አንድ ሰው ይነሳና ዲስክ ይቀይራል። ሌላው ቡና ይቀዳል፤ ትንሹ ልጅ ሽንት ቤት ይሮጣል። እውነቱን ለመናገር ያቺን ዕረፍት እወዳት ነበር።

አንድ ነገር ግን ሁሌ ይገርመኝ ነበር። ቪሲዲ ሲጫጫር በባለቀለም ካሬዎች ይሞላል፣ ድምፁ ይንተባተባል፤ ግን አይቆምም። ዴኩ እንደምንም ጎትቶ ያሳልፈዋል። ያንኑ ሲዲ ኮምፒዩተር ላይ ለመገልበጥ ስትሞክር ደግሞ መሃል ላይ ደርሶ «ማንበብ አልቻልኩም» ብሎ ድርቅ ይላል። ምክንያቱን በኋላ ነው ያነበብኩት። ሲዲ ላይ ዳታ ሲቀመጥ የተበላሸውን ለማረም የሚውል ተጨማሪ ቦታ ይያዝለታል። ቪሲዲ ከዚያ ቦታ አብዛኛውን ለፊልሙ ሰጥቶታል። ለዚህ ነው 700 ሜጋባይት በሚባል ሲዲ ላይ 800 የሚጠጋ ቪዲዮ የሚገባው። ጥቂት ነጥብ ቢጠፋ ዓይን ይቅር ይላል ብለው ነው። ዓይን ይቅር ይላል፤ የኮፒ ትእዛዝ ግን ይቅር አይልም። እንዲህ ያለውን የተበላሸውን ክፍል እየዘለለ በሚያነብ ፕሮግራም ነው የማወጣው። ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጅ አለ።

ከዚያ በፊት ግን ማጠብ። ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ ሳሙና፣ ያረጀ ነጠላ ቁራጭ። ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርገህ ትጠርጋለህ እንጂ እንደ ሰሃን አታዞረውም። ዳታው የተጻፈበት መስመር ዙሪያውን ስለሚሄድ፣ እያዞርክ ጭረት ካወጣህበት አንድ ረጅም መስመር ነው የምታጠፋው። የጥርስ ሳሙና የሚቀቡም አሉ። ለቀላል ጭረት ትንሽ ይረዳል፤ ለጥልቁ ምንም አይፈይድም።

ሁላችንም የምንጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ጎን ነበር አይደል? የሲዲ ደካማው ጎን ጽሑፉ ያለበት ነው። ዳታው ያለው እዚያ፣ ከስሱ ቀለም ስር ነው። በታች በኩል ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ፕላስቲክ ይጠብቀዋል፤ በላይ በኩል ግን ቀለምና ቫርኒሽ ብቻ። በእስክሪብቶ ተጭኖ ስም የጻፈበት ሰው ፊልሙን ወግቶታል ማለት ነው። አንዱን ወደ አምፖል አንስቼ ሳየው ጽሑፉ ባለፈበት ቦታ ላይ ብርሃን እንደ ወንፊት ያልፋል። ዲቪዲ ይሻላል፤ ዳታው በሁለት ፕላስቲክ መሃል ነው ያለው። መጻፍ ካለብህ ጫፉ ለስላሳ በሆነ ማርከር ጻፍ፣ ያውም መሃል ላይ ባለው ባዶ ክብ ላይ።

አሁን ያበሸቀኝን ልናገር። በፋብሪካ የታተመ ዲስክ ሆዱ፣ ማለትም የሚያብረቀርቀው ጎኑ፣ ነጭ ብር ነው። በራይተር የተጻፈ ደግሞ ሆዱ ወደ አረንጓዴ ወይ ሰማያዊ ያደላል፤ ዲቪዲ ከሆነ ወይን ጠጅ። ልዩነቱ መዓት ነው። የታተመው ላይ ዳታው በጥቃቅን ጉድጓዶች ፕላስቲኩ ላይ ተቀርጿል። የተጻፈው ግን ብርሃን የሚነካው ቀለም ላይ ነው፤ ፀሐይና ሙቀት ይገድለዋል። እና ካርቶኑን ገልብጬ ሆዳቸውን ሳይ፣ ሽፋኑ የሚያምር፣ «ኦሪጅናል ነው» ተብሎ ሙሉ ዋጋ የከፈልኩበት አረንጓዴ ሆድ ሆኖ ተገኘ። አንድ ብቻም አይደለም። ስንት ዓመት በኩራት መደርደሪያ ላይ አቁሜያቸዋለሁ! የፊልም ሠሪዎቻችን የዘመናት ስሞታ ይኸው ነበር። ፊልሙ ገና ሲኒማ ቤት እያለ ኮፒው መንገድ ላይ ይዞራል። እኔ ከአዟሪ ስለማልገዛ ነጻ ነኝ ብዬ ነበር፤ ለካ ከሱቅ የገዛሁትም የአዟሪው ወንድም ነው። የመጀመሪያዎቹ ሟቾችም እነዚሁ ናቸው።

ዲቪዲዎቹ ሌላ ታሪክ ናቸው። እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ የምታመጣቸው የሆሊውድ ፊልሞች አሉ። የፊልም ኩባንያዎቹ ለዲቪዲ ብለው ዓለምን በቁጥር ከፋፍለዋታል። አሜሪካ 1፣ አውሮፓ 2፣ እኛ ከአብዛኛው አፍሪካ ጋር 5። የ1 ዲስክ በ5 ማጫወቻ አይከፍትም። ኮምፒዩተሩ ላይ ቁጥሩን መቀየር ይቻላል፤ ግን አምስት ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ በኋላ በመጨረሻው ላይ ተቆልፎ ይቀራል። ከዚህ ሌላ ፊልሙ ራሱ የሚቆለፍበት ቁልፍ አለ። ያንን ቁልፍ እ.ኤ.አ. በ1999 ከፍቶ ፕሮግራሙን ለዓለም ከለቀቁት አንዱ ጆን ሌክ ዮሃንሰን የሚባል ኖርዌያዊ ልጅ ነበር። 15 ዓመቱ ነው። ፍርድ ቤት አቆሙት። እ.ኤ.አ. በ2003 በመጀመሪያውም በይግባኙም ነጻ ወጣ። ገዝቶ ያመጣውን ዲስክ መክፈት መብቱ ነው ተባለ። አሜሪካ ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ ያለው ሕግ ቁልፉን መስበር ራሱን ይከለክላል። እህቴ «እኔ ጋ ቢሆን ታስገባኛለህ» እያለች ትስቃለች።

የእሷን ዲስኮች አልነካኋቸውም። ሕጉን ፈርቼ ብቻ አይደለም። እነዚያን ፊልሞች ባለቤቶቻቸው በደንብ ይዘዋቸዋል፤ እኔ ብተዋቸው አይጠፉም። የኔ ጉልበት ሌላ ማንም ለማይጠብቀው ይዋል።

ማንም የማይጠብቀው ስል መጀመሪያ ያሰብኩት የወንድሜን ሰርግ ነው። ፎቶ ቤቱ ያኔ የሰጠን ሲዲዎች፤ ሆዳቸው አረንጓዴ። ሌላ ቅጂ የለም። ሙሽሮቹ በልብ ቅርጽ ውስጥ ሆነው፣ የት እንዳለ ከማይታወቅ ፏፏቴ ፊት ቀስ ብለው ይሽከረከራሉ። ስማቸው በወርቅ ቀለም እየበረረ መጥቶ ይገጣጠማል። ቪዲዮው ላይ ከሚጨፍሩት አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። የመልሱ ዲስክ መሃሉ ላይ ተበላሽቷል፤ የተረፈውን አውጥቻለሁ። ከፊልሞቹ ሁሉ በፊት ይህን በሁለት ሃርድ ዲስክ አስቀመጥኩ።

ስለ ሕግ ካነሳን፣ የኛም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንቀጽ 9 ላይ፣ አንድ ሰው የታተመን ሥራ ለራሱ መገልገያ ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ የመብቱ ባለቤት ሊከለክለው አይችልም ይላል። አንድ ቅጂ። ለራስ። ግልጽ ነው። ችግሩ ሕጉ ሳይሆን ጎረቤት ነው። እዚህ አገር «ለኔም ገልብጥልኝ» ላለህ ሰው «ሕግ አለ» ብትለው ምን ትባላለህ? ስስታም። ስለዚህ አንድ ዘዴ ይዣለሁ፤ ኮፒ አልሰጥም፣ ዲስኩን ግን አውሳለሁ። በርግጥ ኮፒው እኔ ጋ እያለ ዲስኩ ሰው ቤት መክረሙ አዋጁ ላይ እንዴት እንደሚነበብ የሕግ ሰው ይጠየቅ። ማዋስም የራሱ ጣጣ አለው። ድሮ ቪዲዮ ቤቶች መታወቂያ የሚይዙት በከንቱ አልነበረም። እኔ መታወቂያ ስለማልይዝ ከካርቶኑ ውስጥ ሲዲ ሁለታቸው ወጥቶ የቀሩ ፊልሞች አሉኝ። እነዚያንም ገልብጫለሁ። ግማሽም ቢሆን ፊልም ነው።

ባለፈው እሁድ ከነዚህ አንዱን እየሞከርኩ ሳለ ድምፁን ሰምተው ጎረቤታችን ጋሼ መጡ። ገና ሳይቀመጡ አወቁት።

«ይሄን እኮ አምባሳደር ሲኒማ ተሰልፌ ነው ያየሁት!»

ባለቤቴ ቡና አቀረበች። ሲዲ አንድ እስኪያልቅ ከጋሼ ትንፍሽ የለም። ስክሪኑ ሲጠቁር ዞር ብለው አዩኝ።

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛውን አውሰነው ቀረ፣ ጋሼ።»

«እንዴት ያለ ሰው ነህ አንተ!»

መጨረሻውን እኔው ልንገርዎት አልኩ። ልጅየው ከእስር ይወጣል፣ ልጅቷ ይቅር ትለዋለች፣ አለቀ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የለም፣ የለም። እሷማ አትመለስም። ጥላው ነው የምትሄደው።» ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፣ እሱ እኮ አይፈታም አለች። ሦስታችንም አይተነዋል። ሦስታችንም እንምላለን።

ጋሼ ሲነሱ «ለማንኛውም ይቺን ፍላሽ ላይ ጫንልኝ፤ ለሴትዮዬ ላሳያት» አሉ። ዲስኩን ራሱን ይውሰዱት አልኳቸው። «ዴክ የታለኝና ልጄ? ቴሌቪዥኑ የሚቀበለው ፍላሽ ነው» አሉኝ። ነገሩ እውነት ነው። እኔም ለራሴ የገለበጥኩት ለዚሁ አይደል? ትንሽ አሰብኩና ዴኩንም ይውሰዱ አልኳቸው።

ሲዲ ሁለትን የሚያፈላልግ ሰው መርካቶ ውስጥ አውቃለሁ፣ ሰኞ እጠይቀዋለሁ ብለው ዴኩን በፌስታል ጠቅልለው ወጡ። ሰኞም ማክሰኞም አልፏል። ዴኩም ሲዲ አንድም እሳቸው ጋ ናቸው።