ድንጋይ አምጣልኝ

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የጂኦግራፊ መምህራችን ከደብረ ሲና ጣርማበር ድረስ በእግር ይዘውን ወጡ። ዳገቱ አልቆ ትንፋሻችንን ሳንሰበስብ የኮዳቸውን ክዳን ከፈቱና በስተ ምዕራብ ጥቂት፣ በስተ ምሥራቅ ጥቂት ውሃ አፈሰሱ። «ይኼኛው በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ግብፅ ይደርሳል። ያኛው አዋሽን ይዞ አፋር ይወርድና አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፤ ባሕር አያይም» አሉን። በሁለቱ እርጥብ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም ነበር።

ዛሬ የከርሰ ምድር ውሃ የምፈልግ ጂኦሎጂስት ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በአገራችን የጂኦሎጂ ካርታ ላይ አንዱ የባዛልት ንብርብር «ጣርማበር» ተብሎ መሰየሙን ባየሁ ጊዜ፣ ያ ኮዳ ነው ትዝ ያለኝ።

ደመወዝ ስይዝ ውለታቸውን ልመልስ ብዬ ሙሉ ልብስ ገዛሁላቸው። መርቀው ተቀበሉኝ። በዓመቱ ለሠርግ ብሄድ ልብሱን ታናሽ ወንድማቸው ለብሶት አገኘሁ፤ እውነቱን ለመናገር በእሱ ላይ ያምራል። ቅር አለኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን ምን እንደሚፈልጉ አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። ደውዬ ጠየቅኋቸው።

«ድንጋይ አምጣልኝ» አሉ።

ባልደረቦቼ ሳቁ። በሰሜን ሸዋ ደጋ ድንጋይ ጠፍቶ ነው? ጋሼ ግን ትክክል ነበሩ፤ በዙሪያቸው ያለው ከሞላ ጎደል ጥቁር ባዛልት ነው፤ ሌላውን ዓይነት ሁሉ ለተማሪ የሚያሳዩት በጠመኔ ሥለው ነው።

ለመስክ ሥራ በወጣሁ ቁጥር አንድ አንድ እያልሁ ሰበሰብሁ፦ ከስምጥ ሸለቆ ባልጩትና ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ፑሚስ፣ ከጀማ ሸለቆ የኖራ ድንጋይና ጀሶ። ግራናይቱን ከወለጋ የመጣ ባልደረባዬ ሰጠኝ። በሁለተኛው ዓመት ሳጥኑ ሞላ። ከገንዘቡ ይልቅ ያስቸገረኝ ሁሉንም በቡጢ ልክ መስበሩ ነበር፤ ከዚያ ካነሰ ከኋላ ወንበር አይታይም፣ ከበለጠ ሕፃን አያነሳውም።

ሁለት ጥፋት አጠፋሁ። መለያውን በእንግሊዝኛ ጽፌ ነበር፤ ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ይህ ለማን ነው?» ሲሉኝ አፈርሁና ቁጭ ብዬ በአማርኛ ጻፍሁት። ሳጥኑን ደግሞ ባለ መስታወትና ባለ ቁልፍ አድርጌው ነበር። ቁልፉን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት፤ መስታወቱን በማግስቱ አስነሡት።

ያን ቀን ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ አየኋቸው። የኖራውን ድንጋይ በምስማር ጫር ጫር አድርገው ሎሚ ጨመቁበት፤ ዱቄቱ ደቃቅ አረፋ አወጣ። ቀጥለው ሎሚውን ለአንዲት ተማሪ ሰጡና «ጥቁሩን ሞክሪ» አሏት። ምንም የለም። ልጅቷ ድንጋዩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው፤ ለምን ጆሮዋ ላይ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ጋሼ አልሳቁባትም፤ እሳቸውም ተቀብለው አዳመጡት።

ባለፈው ወር ደወሉልኝ። ከሰላምታው አስቀድመው «አንተ ልጅ፣ ነጩ ድንጋይ በጭረት አለቀ፤ ስትመጣ ሁለት አድርገህ ያዝ» አሉኝ። ሎሚውን እዚያው እንደሚገዙ ግን ነገሩኝ።