የእናቴ ጥለት

ክረምቱ ሲወጣ የአባቴን የፊልም ኔጋቲቮች፣ ማለትም ብርሃንና ጨለማቸው ተገልብጦ የሚታይባቸውን ፎቶ የሚታተምባቸውን ፊልሞች፣ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ጀመርኩ። የደብረ ማርቆስ ክረምት ለፊልም ጠላት ነው። በላዩ ያለው ስስ የጄላቲን ሽፋን እርጥበት ይስባል፣ ያብጣል፣ ካጠገቡ ካለው ጋር ይጣበቃል፤ ከቆየም ሻጋታ ይበላዋል። ሌላ ክረምት እንዲያልፍበት አልፈለግሁም።

ተራ የቢሮ ስካነር ለዚህ ሥራ አይሆንም። እሱ ወረቀትን በላዩ እያበራ ያነባል፤ ፊልም ግን ብርሃን በውስጡ ማለፍ አለበት። ስለዚህ ነጭ የኤልኢዲ መብራት በጀርባው አስተኛሁ፣ ፊልሙን ከመብራቱ ጥቂት ከፍ አድርጌ ዘረጋሁ፣ ካሜራውን ትንሽ ነገርን በቅርብ በሚያነሣ ማክሮ ሌንስ ወደ ታች አዞርኩ፣ መስኮቱን በጋቢ ጋረድሁ። አንዷ ምስል 24 በ36 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነች ቅንጣት አቧራ ስትጎላ ድንጋይ ታክላለች። አቧራውን በጎማ መንፊያ ብቻ አባርራለሁ፤ በጨርቅ መጥረግ ፊልሙን መቧጨር ነው።

ከባዱ ሥራ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ታናሽ ወንድሜ የኔጋቲቩን ብርቱካናማ መልክ አይቶ በዕድሜ የተበላሸ መስሎት አዘነልኝ። አይደለም፤ ፋብሪካው ሆን ብሎ ያደረገው ነው። በፊልሙ ውስጥ የሚፈጠሩት ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ) እና ሲያን (ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ) ቀለሞች ንጹሕ አይደሉም፤ ማጀንታው ሊያሳልፈው ከሚገባው ሰማያዊ ብርሃን፣ ሲያኑም ከአረንጓዴው የተወሰነውን ያስቀራሉ። ብርቱካናማው ሽፋን ይህን ጉድለት በምስሉ ሁሉ ላይ እኩል ያደርገዋል፤ እኩል የሆነ ጉድለት ደግሞ ሲታተም በአንድ ጊዜ ይቀነሳል። ድሮ ፎቶ ቤቶች በቀለም ማጣሪያ ይቀንሱት ነበር። እኔ ምስል ካላረፈበት የፊልሙ ጠርዝ ላይ ለክቼ በኮምፒውተር እቀንሰዋለሁ፤ ከዚያም ጨለማውን ወደ ብርሃን፣ ቀለሙንም ወደ ተቃራኒው እገለብጠዋለሁ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ተደርጎም እውነተኛው ቀለም አይወጣም። በፊልሙ ውስጥ ያሉት ቀለሞች በዕድሜ እኩል አይደበዝዙምና ቀሪው በዓይን የሚስተካከል ነው፤ ዓይን ደግሞ መነሻ ይፈልጋል። ደግነቱ በእንቁጣጣሹ ጥቅል ውስጥ ልጆች አደይ አበባ ይዘው የቆሙበት አለ። የአደይን ቢጫ የጎጃም ሰው አይስተውም። ወደ አረንጓዴ ሲያደላ ማጀንታ እጨምራለሁ፣ ወደ ብርቱካን ሲሄድ እመልሳለሁ። ነጠላን ግን መነሻ አላደርግም፤ ጢስ በማይጠፋበት ቤት የሚኖር ነጠላ ስንት ዓይነት ነጭ እንዳለው አውቃለሁ።

በዚያው ጥቅል ውስጥ ግድግዳችን ላይ የተሰቀለው የቤተሰብ ፎቶ ኔጋቲቭ ተገኘ። በታተመው ፎቶ አጎቴ የተወጠረ ገመድ ይዞ ቆሟል፤ ገመዱ ወደ የት እንደሚሄድ ልጆች ሆነን ስንከራከርበት የኖርነው ነገር ነው። የ9 በ13 ሴንቲሜትር ወረቀት ርዝመቱ ከወርዱ ጋር ሲነጻጸር ከፊልሙ ያጠረ ስለሆነ ፎቶ ቤቱ ጎንና ጎኑን ቆርጦታል። በኔጋቲቩ ላይ ገመዱ የበጉ አንገት ላይ ይደርሳል፤ የበጉ ግንባርና አንድ ቀንዱ ይታያሉ። አጎቴ እንደዚያ የተኮሳተረው ለካ በጉ እየጎተተው ነው።

ጣጣው የመጣው ከእናቴ ቀሚስ ነው። ፀሐይ ባገረጣው የግድግዳ ፎቶ ጥለቱ ቡናማ ይመስላል። አደዩን መነሻ አድርጌ ስገለብጠው ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ አረንጓዴ ወጣ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ አየችና «አረንጓዴ ነው እንጂ! ለራሴ ቀሚስ ትነግረኛለህ?» አለችኝ። ቡሬ ያለችው አክስቴ ጋ ደወልኩ። «ሰማያዊ ነው ልጄ፤ ክሩን ገበያ ወርጄ የገዛሁት እኔ አይደለሁም እንዴ!» አለች።

ያልተገለበጠውን ፋይል ማንም እንዳይነካው በሁለት ሃርድ ዲስክ አስቀመጥሁ። ከዚያ ሁለት ቅጂ ሠርቼ ለእናቴ አረንጓዴውን፣ ለአክስቴ ሰማያዊውን በቴሌግራም ላክሁ። ሁለቱ ተላልከው አዩት መሰለኝ፤ አሁን እያንዳንዳቸው የሌላኛዋን እንዳስተካክል በየቀኑ ይደውሉልኛል።