ጎድጓዳው ድንጋይ

ቅዳሜ ነው፤ ነሐሴ ገና አልተጋመሰም። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢያችን ድረስ ገብቷል፤ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ የራሳችንን የውጭ በር ማየት አልቻልሁም። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ደሴ ተወልዶ ያደገ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይነጋገራል፤ ለምን እንደሆነ ግን ተናግሮት አያውቅም። እማዬ ፍልሰታን እየጾመች ነው፤ ከቅዳሴ አልተመለሰችም። መብራት ጠፍቷል። የጣሪያው ውኃ ባልዲውን ሞልቶታልና የመሳያውን ድንጋይ ነከርሁት፤ አረፋው መውጣቱን እስኪያቆም ጠብቄ ምላጩን አመጣሁ።

የምላጩን ነገር ከመጋቢት ወዲህ ደጋግሜ ስላነሳሁት ታውቁታላችሁ። የአባዬ ነው። እንደ ሰንጢ ታጥፎ እጀታው ውስጥ የሚገባ፣ አንገቱ ላይ ሶሊንገን የሚል የጀርመን ከተማ ስም የተቀረጸበት። ከሳጥኑ ሳወጣው ጎኑ ዝጎ፣ ስለቱ ደንዞ ነበር። ዝገቱን በዘይትና በጨርቅ ቀስ በቀስ አስለቅቄዋለሁ። ስለቱ ግን ስድስተኛ ሳምንቱን ይዞ እምቢ ብሎኛል።

እህቴ ከጅዳ የላከችልኝ ድንጋይ ባለ ሁለት ፊት ነው፤ በአንዱ በኩል ቁጥር 1000፣ በሌላው 6000። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ድንጋዩ ይልማል፤ በሻካራው ስለቱን ታወጣለህ፣ በለስላሳው ጭረቱን ታጠፋለህ። ቢላዋ ሲሳል ማዕዘኑን የሚጠብቀው የሰው እጅ ነው። ምላጭ ግን ማዕዘኑን ጀርባው ላይ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ወፍራሙ ጀርባና ቀጭኑ ስለት አንድ ላይ ድንጋዩ ላይ ይተኛሉ፣ አንድ ላይም ያልቃሉ። ጀርባውን ለቅጽበት ካነሳህ ስለቱን አበላሸኸው ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አነሳሁ። በሁለተኛው ሳምንት አላነሳሁም፤ ግን ተጫንሁት። መጫን የለበትም፤ የብረቱ ክብደት ይበቃዋል። ይህን በቃል ማወቅና እጅን ማሳመን ምን ያህል እንደሚራራቁ አሁን ገብቶኛል።

በሦስተኛው ሳምንት የሆነውን ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ድንጋይ ላይ ምላጩ የሚሄደው ስለቱን አስቀድሞ ነው፤ ከድንጋዩ በኋላ ምላጩ የሚታሽበት የቆዳ ጠፍር ላይ ግን ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል። ይህን አንብቤ አውቅ ነበር። ደክሞኝ ነበርና እጄ የድንጋዩን መንገድ ይዞ ሄደ፤ የአባዬን ጠፍር ከመሀሉ ሸረከትሁት። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ በዚያው ምስማር ላይ የተንጠለጠለ ጠፍር ነው። እማዬ አይታ ምንም አላለችም፤ ቁራጩን አንስታ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ዛሬ ግን እጄ የተረጋጋ መሰለኝና ፈተንሁት። ከራሴ አንድ ጸጉር ነቅዬ በሁለት ጣቴ ይዤ ስለቱ ላይ ለቀቅ አደረግሁት። በምላጩ መሀል ላይ ድምፅ ሳያሰማ ተቆረጠ፤ ልቤ ዘለለ። ወደ እጀታው በሚቀርበው በኩል ሞከርሁ፤ ጸጉሩ ታጠፈ እንጂ አልተቆረጠም። ጫፉም እንደዚያው ሆነ።

ስለዚህ ስለቱን ዳር እስከ ዳር በማርከር ቀለም ቀባሁት። ቀለም የተቀባ ምላጭ አንዴ ድንጋዩ ላይ ሲሄድ ቀለሙ የሚለቀው ድንጋዩ የነካው ቦታ ላይ ነው፤ ያልነካው ላይ ይቀራል። ከመሀል ለቀቀ። ከሁለቱም ዳርቻ አልለቀቀም። ብርሃን ላይ አንስቼ በአንድ ዓይኔ ሳየው የስለቱ መስመር ቀጥ ያለ አይደለም፤ እንደ ታንኳ ሆድ መሀሉ ወጣ፣ ዳርና ዳሩ ሸሸት ብሏል። ስድስት ሳምንት በየቀኑ እያየሁት ይህን አላየሁም።

አባዬ አበላሽቶታል ማለት ነው ብዬ አሰብሁ። እንደዚያ ማሰቤ አሳፈረኝ፤ ምላጩን ፎጣ ላይ አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ዓይኔ ደጃፉ ላይ ያለው የእሱ ድንጋይ ላይ ያረፈው ያኔ ነው።

ያንን ድንጋይ ታውቁታላችሁ፤ ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ አንድ ቀን እግሩን መትቶበታል። አባዬ ከቦርከና ወንዝ ዳር መርጦ በትከሻው ያመጣው ጥቁር ድንጋይ ነው። ምላጭ ብቻ ነበር የሚስልበት፤ የእማዬ የሽንኩርት ቢላዋ እንዲነካው አይፈቅድም ነበር። ከብዙ መሳል ብዛት መሀሉ እንደ ገበቴ ጎድጉዷል፤ ሲዘንብ ውኃ ያቁራል፣ ድንቢጦች ይጠጡበታል። ዛሬም ሞልቶ ነበር። ውኃውን ደፋሁትና ምላጩን ሙሉ ቀለም ቀብቼ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቀስታ፣ ጉድጓዱ ላይ አሳለፍሁት።

ቀለሙ ዳር እስከ ዳር ለቀቀ።

ደግሜ ቀባሁት፤ ደግሞ ለቀቀ። ምላጩ ጉድጓዱ ውስጥ ልጅ እናቱ ጀርባ ላይ እንደሚተኛው ተኛ። ነገሩ ሲያስቡት ቀላል ነው፤ ጎድጓዳ ድንጋይ ላይ የሚሳል ምላጭ ዳርና ዳሩ ከፍ ያለውን ጠርዝ ስለሚነካ እዚያ ላይ ይበልጥ ይበላል፣ መሀሉ ይቀራል። ድንጋዩ በጎደጎደ ቁጥር ምላጩ እየታነጸ፣ ዓመት በዓመት ሁለቱ ተስማምተው ኖረዋል። እኔ በአዲሱ ጠፍጣፋ ድንጋይ ስድስት ሳምንት ሙሉ ስሠራ የቆየሁት ያንን ስምምነት መፋቅ ነበር።

ለእንዲህ ዓይነቱ ምላጭ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይም መላ አለው፤ ከእጀታው በኩል ጀምሮ ወደ ጫፉ እያንከባለሉ መሳብ ነው። ለጀማሪ ከባድ ነው፤ እሞክረዋለሁ። አሁን ግን ሐሳቤ ከምላጩ ሄዷል፤ ድንጋዩን ያን ያህል ያጎደጎዱት ራሶች ፊቴ መጥተዋል።

አባዬ ፀጉር አስተካካይ አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን በረንዳው ይሞላ ነበር። የሰፈሩን ወንዶች ልጆች ቁንጯቸውን አስቀርቶ ይላጫል። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጅ ሲወለድ በሰባተኛው ቀን ጠርተውት የሕፃኑን የመጀመሪያ ጸጉር ያነሳላቸው ነበር፤ ጸጉሩ ተመዝኖ በክብደቱ ልክ የብር ማዕድን ለድሃ ይሰጣል። ሐጂ ደግሞ በየሳምንቱ ነጭ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ይመጣሉ፤ አንድም ጸጉር ሳይቀር ራሳቸውን ይላጫሉ። አባዬ ምላጩን ለሌላው ሰው በአረቄ ያጥበዋል። ሐጂ ሲመጡ ግን አረቄውን ወደ ጓዳ ያስገባና እማዬን የፈላ ውኃ እንድታመጣ ያዛታል። ስለዚህ ጉዳይ ሁለቱ ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ የምላጩን ድምፅ አዳምጥ ነበር፤ ደረቅ ቅጠል ላይ ንፋስ ሲያልፍ የሚሰማውን የመሰለ ድምፅ ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሬዲዮኑ ስለ ኤችአይቪ በየቀኑ ይናገር ጀመር። በሽታው አገራችን መታየት የጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነበር፤ እኛ ቤት በቁም ነገር የተሰማው ግን ያን ጊዜ ነው። ምላጭ በጋራ አትጠቀሙ፣ ስለት ያለው ነገር ለየብቻ ይሁን የሚል ትምህርት ከየትምህርት ቤቱም ከየሐኪም ቤቱም ይመጣል። እኔም ከክፍል ተምሬው መጥቼ፣ እራት ላይ፣ በልጅነት ኩራት አነበነብሁለት። አባዬ መብላቱን አቆመና ሰማኝ። «እውነት ነው» አለ።

በማግስቱ ምላጩን በዘይት አሽቶ ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ከዚያ በኋላ የሰው ራስ ሲላጭ አላየሁትም፤ የራሱንም ጢም በሱቅ ምላጭ ይላጭ ነበር። ትክክል ሠርቷል። ዛሬም ቢሆን ትክክል ሠርቷል እላለሁ፤ እኔም ይህን ምላጭ ብስለው ለራሴ ፊት ብቻ ነው። ነገር ግን የቅዳሜው በረንዳ በአንድ ሌሊት ባዶ ሆነ፤ ለዚያ ዜናውን ያመጣሁት እኔ ነበርሁ።

ሐጂ መምጣታቸውን አላቋረጡም። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ ሆኖም ቅዳሜ ቅዳሜ በዘንጋቸው እየዳሰሱ ይመጣሉ፣ ከእማዬ ጋር አቦሉን ይጠጣሉ፣ ስለ አባዬ ሲነሳ ዱዓ ያደርጋሉ። ባለፈው ሳምንት ምላጩን እጃቸው ላይ ሳስቀምጥላቸው ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳስሰው ወዲያው አወቁት። «አባትህ እጁ ከባድ ነበር» አሉኝ፤ «ምላጩ ግን ራሴ ላይ ተሰምቶኝ አያውቅም። አብሽር፣ ትለምደዋለህ።»

ጉሙ አልተነሳም። ከበሩ በኩል የዘንግ ድምፅ እየሰማሁ ነው፤ እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ልጠይቃቸው እፈልጋለሁ፤ በሕይወት ካሉት ሰዎች የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ብጠይቃቸው ያማቸው ይሆን? ሳጥኑ ከተቆለፈ በኋላ ሐጂ ምንም ሳይሰሙ ነጩን ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው ደረጃውን ሲወጡ፣ አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ምን አላቸው?