ስድስት ሳተላይት እየታየ ሬይም ሲጠፋ

ሥራዬ ዲስፓች ነው፤ በረራዎችን ከመነሣታቸው በፊት አቅዳለሁ። "ስንደርስ ጂፒኤስ ያስኬደናል?" ተብዬ ስጠየቅ ለዓመታት የምመልሰው ሌላ ሰው ካዘጋጀው ሠንጠረዥ አንብቤ ነበር። አንድ ቀን ለአፕሮች፣ ማለትም አውሮፕላኑ ለማረፍ ለሚቀርብበት የበረራ ክፍል፣ "ሬይም የለም" ብዬ ስሰጠው አንድ ካፒቴን ቀና ብሎ አየኝና "ትናንት በዚሁ ሰዓት ገብቼ የለም እንዴ? ዛሬ ምን ተገኘ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የራሴን የሬይም ማስያ ፕሮግራም በፓይተን ልጽፍ የተነሣሁት ያን ማታ ነው።

ሬይም ማለት ተቀባዩ ያለ ውጭ እርዳታ ሳተላይቶቹን እርስ በርስ እያመሳከረ የሚዋሸውን የሚያጋልጥበት ስሌት ነው። ቦታን ለማወቅ አራት ሳተላይት ይበቃል። ከመካከላቸው አንዱ መሳሳቱን ለማወቅ አምስት፣ የተሳሳተውን ለይቶ ጥሎ በቀሪው ለመቀጠል ደግሞ ስድስት ያስፈልጋል። ከባሮሜትር የሚመጣው ከፍታ ከተጨመረ እንደ አንድ ሳተላይት ይቆጠራል።

መጀመሪያ የጻፍኩት ፕሮግራም ቆጠራ ብቻ ነበር፤ አምስትና ከዚያ በላይ ካየ "አለ" ይላል። ሞኝነት ነበር። ስድስት ሳተላይት በአንድ የሰማይ ጥግ ከተከማቹ አንዱ ቢዋሽም ሌሎቹ አይመሰክሩበትም። ትክክለኛው ጥያቄ "ይህ ሳተላይት ቢሳሳት፣ ፍተሻው ሳይነቃ ምን ያህል ከመንገድ ሊያስወጣኝ ይችላል?" የሚለው ነው። ለእያንዳንዱ ይሰላና የከፋው ይያዛል። ያ ርቀት ለአፕሮች ከ0.3፣ ለተርሚናል (ለአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ) ከ1፣ ለኤንሩት (በረጅሙ መንገድ ላይ) ከ2 ኖቲካል ማይል ከበለጠ ሬይም የለም። ለዚህ ነው በዚያው ደቂቃ፣ በዚያው ቦታ ለኤንሩት "አለ"፣ ለአፕሮች "የለም" የሚመጣው።

ከሒሳቡ ይልቅ ያሠቃየኝ ግን የቀን አቆጣጠር ነው። የሳተላይቶቹን ምሕዋር የሚገልጸውን አልማናክ አውርጄ አስገባሁ። ውጤቱ ያማረ ነበር፦ ስምንት፣ ዘጠኝ ሳተላይት፣ አልፎ አልፎ ሬይም የሚጠፋበት ክፍተት። ደስ ብሎኝ ሁለት ሳምንት ተኛሁበት። አንድ ቀን ግቢ ወጥቼ የስልኬን የሳተላይት ማሳያ ከፈትኩና ከወረቀቴ ጋር አስተያየሁ። ስልኬ አናቴ ላይ ያሳየኝን ሳተላይት የእኔ ፕሮግራም ከአድማስ በታች ቀብሮታል። አንድም የሚገጥም አልነበረም! ለካ አልማናኩ ላይ ያለው የሳምንት ቁጥር በየ1024 ሳምንቱ ከዜሮ ይጀምራል፤ መጨረሻ የዞረው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 2019 ለ7 አጥቢያ ነው። እኔ የሁለቱን ዙር 2048 ሳምንት ሳልጨምር ቀርቼ ምሕዋሩን ወደ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ዘመን ስጎትት ነበር። የሚያስፈራው ውጤቱ ስሕተት አለመምሰሉ ነው። ሳተላይቶቹ የትም ቢቀመጡ ስምንት ዘጠኙ መታየታቸው አይቀርም። ከዚያ ወዲህ ከሰማዩ ጋር ሳላስተያይ የማምነው ቁጥር የለም።

ሁለተኛው ጥፋቴ ደቂቃን መቆጠብ ነው። ኮምፒውተሬ እንዳይንቀራፈፍ በየ15 ደቂቃው አሰላ ነበር። ደንቡ ደግሞ በመንገዱ በየትኛውም ክፍል ከ5 ደቂቃ በላይ ተከታታይ መቋረጥ ከተተነበየ በረራው ይዘግይ፣ መንገዱ ይቀየር ወይም ይሰረዝ ነው የሚለው። በየደቂቃው ሳሰላ ከሁለት ነጥቦቼ መሃል የ9 ደቂቃ ክፍተት ብቅ አለ። በተጨማሪ አውሮፕላን በሰዓቱ አይነሣም (ይህን ለዲስፓቸር መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው)፤ ስለዚህ አሁን ከታቀደው 30 ደቂቃ ቀድሜ፣ አንድ ሰዓት አዘግይቼም አያለሁ።

ከሠንጠረዡ ጋር ያልተስማማሁበትም ጊዜ ነበር። ልዩነቱ ከተቀባዩ የመጣ ሆኖ አገኘሁት። አሜሪካኖች ሆን ብለው ምልክቱን የሚያዛቡበትን አሠራር እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 አቁመዋል፤ አንዳንድ የቆዩ ተቀባዮች ግን መዛባቱ ዛሬም እንዳለ ቆጥረው ያሰላሉ፣ ስለዚህ ቶሎ "የለም" ይላሉ። ከአድማስ በላይ ከፍታው 5 ዲግሪ ያልሞላውን ሳተላይት የሚጥል ተቀባይና እስከ 2 ዲግሪ ዝቅ ያለውን የሚጠቀም ተቀባይም አንድ መልስ አይሰጡም። የአውሮፕላኑን መሣሪያ ሳያውቁ መተንበይ የእግር ቁጥር ሳይጠይቁ ጫማ እንደ መግዛት ነው።

የካፒቴኑስ ጥያቄ? የሳተላይቶቹ አቀማመጥ በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል እየቀደመ ይደገማል፤ ይህ ብቻውን የትናንቱንና የዛሬውን ልዩነት አያመጣም። የዚያን ቀን የወጡትን ናኑዎች፣ ማለትም የጂፒኤስ ባለቤቶች ስለ ሳተላይቶቹ የሚያወጧቸውን ማስታወቂያዎች፣ ፈልጌ ሳነብ አንድ ሳተላይት ለጥገና ከአገልግሎት ውጪ የሚሆንበት ሰዓት ከመድረሻው ጋር ገጥሞ አገኘሁት። እሱን ከስሌቱ ሳወጣው ክፍተቱ ተከፈተ፤ ስመልሰው ተዘጋ።

ወረቀቱን አትሜ አሳየሁት። አገላብጦ አየና "ጃሚንግ ካጋጠመኝስ?" አለኝ፤ ምልክቱን ሆን ብሎ የሚያፍን ማለቱ ነው። "እሱን ይሄ አያውቀውም፤ ከኖታም (ለአብራሪዎች ከሚወጣው ማስታወቂያ) ነው የምንፈልገው" አልኩት። አሁን ከ"አለ" እና "የለም" ፋንታ ክፍተቱ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ለየትኛው ተቀባይ እንደተሰላና የትኛው ሳተላይት እንደወጣ ጽፌ ነው የምሰጠው።