የእናቴ ውጤት ወደ ማን ስልክ ይሄድ ነበር?

መሀል ከተማ፣ ከስታዲየም ብዙም የማይርቅ አንድ የግል ሆስፒታል ታካሚዎች መዝገባቸውን በስልክ የሚያዩበት አገልግሎት ጀምሯል። የላብራቶሪ ውጤት፣ የታዘዘ መድኃኒት፣ የሐኪም ማስታወሻ፣ ቀጠሮ፣ ሁሉም እዚያው ነው። እናቴ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። በየቀጠሮው ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዘን መዞር ስለሰለቸን ስሰማ ደስ አለኝ። የገጠመንን ግን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ቀላሉን ላስቀድም። መታወቂያና የካርድ ቁጥር ይዛችሁ ካርድ ክፍል ትሄዳላችሁ፣ ፎርም ትሞላላችሁ፣ ታካሚው ይፈርማል፣ በስልክ የማረጋገጫ ኮድ ይላካል። በቃ።

ኮዱ አልመጣም። እናቴ ስልኳን በእጇ ይዛ ጠበቀች። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ደግማ ላከች። አሁንም የለም። "ኔትወርክ ይሆናል" አለች። እኛ አገር መቼም ኔትወርክ የማይሸከመው ጥፋት የለም። ወደየትኛው ስልክ እንደላከችው ስጠይቃት የመጨረሻዎቹን አሃዞች አነበበችልን። የእናቴ አይደሉም። የእኔም አይደሉም። የእህቴ የቀድሞ ባል ስልክ ነው።

ካርዱን ያወጣላት እሱ ነበር፣ ያኔ አማቻችን ሳለ። ስልክ ሲጠይቁት የራሱን ሰጠ። በኋላ ከእህቴ ጋር ተፋቱ፤ ካርዱ ግን ፍቺውን አልሰማም። ሆስፒታሉ ውጤት በአጭር መልእክት መላክ ሲጀምር የእናቴ የስኳር መጠን ወደ እሱ ይሄድ ጀመር። ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም፤ እንደመጣለት ያጠፋው እንደነበር በኋላ ሰምተናል። ክፉ ቢሆንስ?

ቁጥሩ ይቀየርልን አልን። ልጅቷ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ለመቀየር በድሮው ቁጥር የሚደርሰውን ኮድ ማምጣት አለባችሁ።"

"ለዚያ ሰውዬ ደውዬ የሽንት ምርመራዬን ስጠኝ ብዬ ልለምነው?" አለች እናቴ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞሮ አየን።

ይባስ ብላ ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። "እህቴ፣ የእናትሽን መዝገብ አንቺም የምታዪ ከሆነ ከሰነዶች ማረጋገጫ ውክልና አምጪ።"

"እኔ እዚሁ ቆሜ ውክልናው ለምንድን ነው የኔ ልጅ?"

"አሠራሩ ነው እማማ።"

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የመዝገቡ ባለቤት አጠገቤ ቆማ ለእኔ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይጠየቃል። ውጤቱ በየጊዜው ለሌላ ሰው ሲላክ ግን "እማማ፣ ይሄ ስልክ የማን ነው? ይላክበት?" ያለ አንድ ሰው የለም። ከዚያ በኋላ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው"፣ "ሲስተም የለም"፣ "ነገ ተመለሱ" እየተባልን ተመላለስን።

የጠቀመን ማመልከቻ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያሻው መረጃ ይመድበዋል። ባለቤቱ የማየት፣ የተሳሳተውን የማሳረም፣ የሰጠውን ፈቃድም የማንሳት መብት አለው። ስለዚህ "ስልክ ይቀየርልኝ" አትበሉ፤ "የተሳሳተ መረጃ ይታረምልኝ" ብላችሁ ጻፉ። የአዋጁን ቁጥር ጥቀሱ፣ አቤቱታ የሚቀርበው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንደሆነም እንደምታውቁ በትሕትና ጠቆም አድርጉ። አንዱን ቅጂ "ደርሶናል" አስብላችሁ አስፈርሙበት። ኃላፊው ማመልከቻውን አንብበው የእናቴን የፋይዳ መታወቂያ አዩና ቁጥሩን ወዲያው አሳረሙት። ለካ ይቻላል!

ውክልና አምጡ ቢሏችሁም አትቸኩሉ። ታካሚው ራሱ ቆሞ መፈረም ከቻለ "ልጄ የላብራቶሪ ውጤቴንና መድኃኒቴን እንድታይ ፈቅጃለሁ" የሚል፣ ቀን ያለው ፊርማ ይበቃል ባይ ነኝ። በችኮላ የወጣ ጠቅላላ ውክልና ደግሞ ከመዝገብ አልፎ ንብረት ማስተዳደር ድረስ ይሄዳል። ለአንድ የስኳር ውጤት ይህን ሁሉ ሥልጣን ምን አመጣው? የግድ ካሉ ለጉዳዩ ብቻ የሚሆን ልዩ ውክልና አሰጡ።

ፎርሙ ላይ ማን ምን እንደሚያይ የሚመረጥበት ቦታ አለ። ካርድ ክፍሎች ሁሉንም ራሳቸው ምልክት አድርገው "እዚህ ጋ ይፈርሙ" ማለት ይወዳሉ። እኔ ግን አንድ በአንድ አነበብኩላት። ላብራቶሪ፣ እሺ። መድኃኒት፣ እሺ። ቀጠሮ፣ እሺ። የሐኪም ማስታወሻ ላይ ስንደርስ እስክሪብቶውን ከእጄ ተቀበለችኝና "ይሄ ይቅር" አለች። ለምን ብዬ ብጠይቃት "ከዶክተሩ ጋር የማወራውን ሁሉ አንቺ ምን ያደርግልሻል?" አለችኝ።

ያን ሁሉ ከተሟገትኩላት በኋላ ትንሽ ከፋኝ፣ አልዋሽም። ግን መብቷ ነው፤ ማስታወሻው ለእኔ እንደተዘጋ ነው። ውጤቱ አሁን በእሷ ስልክ ይመጣል፣ የፈቀደችውን እኔም አያለሁ። ፌስታሉን ግን አልጣልነውም። ሌላ ሆስፒታል ሪፈር ስንባል የሚጠይቁን አሁንም ወረቀት ነው።